የዝናቡ ማታ በመቱ

የኢሉባቦርን ዝናብ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከመጋቢት ጀምሮ ጥቅምት እስኪጠባ ድረስ ብዙም ፋታ አይሰጥም፤ ጠዋት ጭጋጉ ከሶር ወንዝ በኩል ተነስቶ ዋርካውንም ዋንዛውንም ይሸፍናል፣ ቀትር ላይ ፀሐይ ብቅ ብላ ቆርቆሮውን ታሞቀዋለች፣ ከዚያ አመሻሹ ላይ፣ ጸሐፊው መዝገቡን አጥፎ አስተማሪው የኖራውን ብናኝ ከእጁ ሲያራግፍ፣ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ጣሪያውን መምታት ይጀምራሉ። በዚያ ሰዓት መቱ ላይ ቤትና ትዳር ያለው ወደ ቤቱ ይሮጣል፤ ከሩቅ ተመድቦ የመጣ እንደ እኔ ያለ ወንደላጤ ደግሞ ኮሌታውን አንስቶ ወደ ሆቴሉ ያቀናል።

ሆቴል ስላችሁ ፎቅና ምንጣፍ እንዳይታያችሁ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ መቱ ላይ ሆቴል ማለት ፊቱን ወደ መንገዱ ያደረገ ሰፊ የጭቃ ቤት ነው፤ ግድግዳው ከላይ በኖራ የነጣ፣ ከወገቡ በታች አረንጓዴ ዘይት ቀለም የተቀባ፤ ከጀርባው ግቢ አለ፣ በግቢው ዙሪያ በር በበር የተደረደሩ የአልጋ ክፍሎች አሉ፣ ጥግ ላይ ጭሱ የማይቋረጥ ማድ ቤት፣ መሀል ላይ ደግሞ ፍሬው ሌሊት ቆርቆሮ ላይ እየወደቀ እንግዳውን የሚያስደነግጥ አንድ ትልቅ የአቮካዶ ዛፍ። ከፊት ያለው ክፍል ቡና ቤቱ ነው። ከተማው የሚገናኘው እዚያ ነበር፤ ዳኛው፣ ነርሱ፣ የቡና ነጋዴው፣ የጭነት መኪና ሹፌሩ፣ መምህሩ።

መጀመሪያ የመጣሁት በአውቶቡስ ነው። ከአዲስ አበባ በጅማ፣ በአጋሮና በበደሌ የሚመጣው መንገድ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ከጅማ ወዲህ ጠጠርና ጭቃ ስለነበር በአንድ ቀን አይታሰብም። ከበደሌ ወዲህ የገባን ወንዝ ተሻግራችሁ ያዩንና ሁሩሙን ስታልፉ ጫካው ከግራም ከቀኝም እየተጠጋ ይመጣል፣ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ደግሞ ማንም ሳይተክለው የበቀለ ቡና ጥቁር አረንጓዴ ቅጠሉን ዘርግቶ ቆሟል። ያ የያዩ ጫካ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ሲመዘገብ ዜናውን ሰምቼ ልቤ ሞላ፤ ያን ጊዜ ግን ለእኔ፣ በመስኮቱ ሽንቁር የሚገባውን ውኃ በመሐረብ ለሚከላከል አዲስ መምህር፣ ጫካው ማለቂያ የሌለው መጋረጃ ብቻ ነበር። ትንሽ የካርቶን ሻንጣ፣ እግሩ የሰፋ ሱሪ፣ በጥንቃቄ የተበጠረ አፍሮ። ሳስበው ያ ልጅ ያሳሳኛል። የት እንደሚያድር እንኳ ሳያውቅ ነው የመጣው።

ከአውቶቡሱ ስወርድ አንድ ሕፃን ሻንጣዬን ነጥቆ ይሮጣል፣ እኔ ተከትዬ እሮጣለሁ፣ ሕፃኑ በቆርኪና በዶቃ የተሠራውን የበር መጋረጃ እያንሿሿ ገባ። ያ ድምፅ! ዛሬም ቆርኪ ከጠርሙስ ላይ ሲወድቅ ስሰማ ያ መጋረጃ ነው ትዝ የሚለኝ። ውስጡ ሞቃት ነበር፤ የእርጥብ ካፖርት ሽታ፣ የሚቆላ ቡና፣ የጋዝ ፋኖስ፣ ከጓዳ የሚመጣ የሚጠበስ ሽንኩርት፣ እና ከሁሉም በላይ የሚታወቀው የጠጅ ጠረን፣ ጌሾና ማር አብረው ሲፈሉ የሚወጣው ጣፋጭም ጎምዛዛም የሆነ ጠረን። ከባንኮኒው ኋላ ነጭ ሻሽ ያሰሩ ጠና ያሉ ሴት ቀና ብለው አዩኝና “ና ግባ ልጄ፣ ብርድ ይመታሃል፤ አካም ጅርታ?” አሉኝ። በአንድ ትንፋሽ በሁለት ቋንቋ። ሁላችንም እትዬ ነበር የምንላቸው፤ ሌላ ስም ጠርተናቸው አናውቅም።

ስለ ባንኮኒው ላጫውታችሁ። እንጨቱ ከዚያው አገር ግንድ የተፈለጠ ዋንዛ ነው፤ ላዩ በቀይ ፎርማይካ የተለበጠ፣ ጠርዙ በእልፍ ክርን ተሽቶ የተላጠ። ከኋላው መስታወት ያለው መደርደሪያ አለ፤ በመስታወቱ ምክንያት ጠርሙሱ ሁሉ እጥፍ ሆኖ ይታያል፣ እንዲያ ሲሆን የድሃው መደርደሪያ ባለጸጋ ይመስላል። ኡዞው፣ ኮኛኩ፣ ፈርኔቱ፣ ከአዋሽ ወይን ጠጅ የመጡት ጉደርና ሳሪስ፣ የአምቦ ውኃው፣ የጊዮርጊስ ቢራው። መሀል ላይ ደግሞ ባሮ ጂን።

ባሮን ከሁሉ አስቀድማለሁ፣ ምክንያት አለኝ። ጂኑ የሚመረተው አዲስ አበባ፣ በብሔራዊ አልኮልና አረቄ ፋብሪካ ነው፤ ስሙን ያዋሰው ወንዝ ግን የእኛው ነው። ቆርቆሮውን የሚደበድበው ያ ዝናብ ወርዶ ሶር ይገባል፤ ሶር በፏፏቴው ተወርውሮ፣ በጫካው ውስጥ ተሹለክልኮ ገባን ያገኛል፤ ገባና ብርብር ሲገናኙ ባሮ ይባላሉ፤ ባሮ በጋምቤላ አድርጎ ሶባት ይሆንና ነጭ ዓባይ ውስጥ ይገባል። ይህን ለተማሪዎቼ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ስስል ውዬ ማታ እዚያው ስሙን ጠርሙስ ላይ ለጥፎ ሳገኘው ደስ ይለኝ ነበር። የመጀመሪያዋን መለኪያ የቀዱልኝ እትዬ ናቸው፤ ዓይኔ እንባ ሲያቀር አይተው ሳይስቁ፣ ሳይመክሩ፣ ቆሎ የሞላች ትንሽ የሸክላ ሳሕን ገፋ አደረጉልኝ።

ያቺ ቆሎ! ገብሱና ሽምብራው በአንድ ላይ ተቆልቶ፣ ሱፍ ጣል ጣል ተደርጎበት፣ ትኩስ ትኩሱን። በነሐሴ ቆሎው በበቆሎ እሸት ይተካል፤ ከሰሉ ላይ እየተገላበጠ ሲፈነዳዳ ሽታው ብቻውን ሰው ይጠራል። ረሃብ የጠናበት ደግሞ ጥብስ ያዝዛል፤ ጥብሱ ከነብረት ምጣዱ እየጮኸ ይመጣል፣ አጠገቡ ቆጭቆጫ። ቆጭቆጫን ኢሉባቦርና ጅማ ያልኖረ ሰው በወሬ አይረዳውም፤ አረንጓዴ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላና ድምብላል፣ የጫካው ኮረሪማ ተጨምሮበት፣ በድንጋይ ወፍጮ ላይ ተፈጭቶ ይላቆጣል። መኪና አይፈጨውም፤ ማሽን የፈጨውን ቆጭቆጫ በልቻለሁ፣ ውኃ ነው። የእትዬ ማድ ቤት ውስጥ የድንጋዩ ድምፅ ሽር ሽር ሲል ከባንኮኒው ይሰማ ነበርና ገና ጥብሱ ሳይመጣ ምራቅ ይሞላል።

ጠጁን የሚጠጡት በብዛት ከገጠር ለገበያ የመጡና ሰንብተው ያመሹ ሰዎች ነበሩ። ማሩ ከጫካ ነው፤ ቀፎው ረጅም ዛፍ ላይ ተሰቅሎ፣ ባለቤቱ በሌሊት በገመድ ወጥቶ፣ በጭስ ንቡን አባብሎ የሚያወርደው። የአበባው ዓይነት ሲለወጥ የማሩ መልክ ይለወጣል፣ የማሩ መልክ ሲለወጥ የጠጁ ጣዕም ይለወጣል፤ ብርሌውን ወደ ፋኖሱ አንስተው አይተው፣ ቀምሰው፣ ይህ የየትኛው ዛፍ አበባ እንደሆነ የሚናገሩ ሽማግሌዎች ነበሩ። እኔ ዲፕሎማ ይዤ መጥቼ ያንን ዕውቀት አፌን ከፍቼ እሰማ ነበር።

ከእነዚያ ሽማግሌዎች አንዱ አባባ የምንላቸው የጎሬ ሰው ናቸው። ጎሬ ከመቱ በስተደቡብ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ ብርዷ ከመቱ የሚብስ ከተማ። የክፍለ ሀገሩ መቀመጫነት ወደ መቱ የዞረው በዚያው በደርግ ዘመን ስለነበር ለአባባ ቁስሉ ገና ትኩስ ነው፤ “መቱ መኝታ ናት፣ ከተማዋ ጎሬ ናት” ይላሉ፣ የመቱ ሰዎች ይስቃሉ፣ እትዬ ብርሌያቸውን ይሞላሉ። ከዚያ ታሪኩ ይመጣል። ራስ ተሰማ ናደው ጎሬ ላይ ተቀምጠው ኢሉባቦርን እንዴት እንደገዙ፣ ጦራቸውም በ1890 ዓ.ም. እስከ ነጭ ዓባይ ዳርቻ መድረሱን ከአባታቸው ሰምተዋል። ሌላውን ግን በዓይናቸው ያዩት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ተቋቁሞ ነበርና፣ ክረምት ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም እየተነሱ እስከዚያ ይወጡ ነበር። የጎሬ ቡና በበቅሎ ተጭኖ ቁልቁል ይወርዳል፣ ጨውና አቡጀዲ ሽቅብ ይመጣል። አባባ ጎረምሳ ሳሉ ከበቅሎ ነጂዎቹ ጋር ወርደው ጭሱን ሲያዩ ወንዙ የተቃጠለ መስሏቸው ነበር። ጎሬ ውስጥ የግሪክም የሶርያም ነጋዴዎች ሱቅ ከፍተው፣ የእንግሊዝ ቆንስል ባንዲራውን ሰቅሎ፣ እዚህ ጫካ መሀል ከዓለም ጋር የሚጻጻፍ ከተማ ነበር።

ወደ 1928 ሲደርሱ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ ወር ከአገር ሲወጡ ጎሬ የኢትዮጵያ መንግሥት መቀመጫ ሆነች፤ ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ነበሩ የሚመሩት፣ ራስ እምሩም መጡ፣ የጥቁር አንበሳ ወጣቶችም። ጣልያን ጎሬን የያዘው በ1929 ዓ.ም. ኅዳር ነው። እንግዲህ አዲስ አበባ ከወደቀች በኋላ ለወራት የአገሪቱ ማኅተም እዚያ፣ ከዚህ ባንኮኒ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ላይ ነበረ ማለት ነው። ይህን ትምህርት ቤት ሳለሁ ማንም በቅጡ አልነገረኝም። የተማርኩት ብርሌና ቆሎ ፊት ነው፤ በማግሥቱ የታሪክ ክፍለ ጊዜዬን ለተማሪዎቼ የጀመርኩት “ጎሬ” ብዬ ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጽፌ ነበር።

ቴፑ የእትዬ የወንድም ልጅ ኃላፊነት ነው። መደርደሪያው ጫፍ ላይ፣ በጥልፍ ጨርቅ ተሸፍኖ ይቀመጣል፤ ካሴት ሲዝረከረክ በእርሳስ እየጠቀለለ ይመልሰዋል። ጥላሁን፣ ብዙነሽ በቀለ፣ ማሕሙድ፤ ከዚያ አሊ ቢራ ሲገባ ከጥግ ያሉት አብረው ያንጎራጉራሉ። ዜና ሰዓት ሲደርስ ቴፑ ይዘጋና ሬዲዮ ይከፈታል። የኢትዮጵያ ሬዲዮ ማሰራጫ መቱም ላይ ስለነበር ድምፁ ጥርት ብሎ ይገባል፤ ሰዉ ያዳምጣል፣ ቃል አይወጣውም፣ ዘመኑ ነው። ሰዓት እላፊ ሲቃረብ እትዬ ራቅ ወዳለ ሰፈር የሚሄደውን እየለዩ ይሸኛሉ፣ ያረፈደውን ግን አያስወጡም፤ በሩ ከውስጥ ይዘጋል፣ ባዶ አልጋ ከሌለ አግዳሚው ላይ ጋቢ ይነጠፋል። የከተማው ጀነሬተር ሲጠፋ ፋኖሱ ይበራል፣ ዝናቡ ይቀጥላል፣ ወሬውም። የሶር የውኃ ኃይል ማመንጫ ሥራ ሲጀምር፣ በ1980ዎቹ መግቢያ፣ ያ ቀኑን ሙሉ ሲዘንብብን የኖረው ውኃ መብራት ሆኖ መጣ፤ አምስት ሜጋ ዋት ለአገር ትንሽ ነው፣ ለመቱ ግን ብዙ ነበር። ፋኖሱ ጓዳ ገባ።

የቡና ወቅት ሲመጣ ሆቴሉ ሌላ ሆቴል ይሆናል። ከጥቅምት በኋላ ቀይ ፍሬ ሲለቀም ኤንትሬ የሚባሉት የጭነት መኪኖች ተሳቢያቸውን እየጎተቱ በመንገዱ ዳርና ዳር ይሰለፋሉ፣ ሹፌርና ረዳት አልጋውን ሁሉ ይይዛሉ፣ ግቢው የናፍጣና የጀንፈል ቡና ይሸታል። ከጋምቤላ የሚመለሱት ማንጎና የባሮ ዓሣ ይዘው ይመጣሉ፤ በዚያ ማታ ማድ ቤቱ ዓሣ ይጠብሳል፣ ሂሳብ የለውም፣ የመጣ ይበላል። ሹፌሮቹ የአገሩ ጋዜጦች ነበሩ። ድልድይ የት ጋ እንደተሰበረ፣ አሰብ ላይ መርከብ መኖሩን፣ የእናቴ ሰፈር ዝናብ ማግኘቱን ሁሉ ያውቃሉ። ደብዳቤዬን በፖስታ ቤት ከምልክ ለሹፌር ብሰጥ ይፈጥናል፤ መልሱም በሹፌር ነው የሚመጣው፣ እትዬ ባሮ ጂኑ ጠርሙስ ኋላ ሸጉጠው ያስቀምጡልኛል።

በ1977 ከወሎ በድርቅ የተፈናቀሉት ሰፋሪዎች ሲመጡ ሆቴሉ ጭር ያለ መሰለኝ። ሰዉ በየገበያው ቆሞ ያይ ነበርና። እትዬ ለሳምንታት በትልቁ ብረት ድስት ንፍሮ እያስቀቀሉ ለማረፊያ ጣቢያዎቹ ይልኩ ነበር፣ እኛ መምህራን ተሸካሚዎች። ቀስ በቀስ የወሎ አማርኛ ከባንኮኒው ዙሪያ ይሰማ ጀመር፤ “እንዴት አመሻችሁ” ሲሉ የሚለዩበት ዜማ አላቸው። የካርልሄንዝ በም “ሰዎች ለሰዎች” ድርጅት ሠራተኞችም በዚያው ዘመን ኢሉባቦር ገቡ፤ የመቱው ካርል ሆስፒታል ስሙን ያገኘው ከእሳቸው ነው።

የበደሌ ቢራ በ1980ዎቹ አጋማሽ ሲመጣ ግን ያየሁት ደስታ ዛሬም ያስቀናኛል። የራሳችን ቢራ! ከሩቅ ተጭኖ፣ ግማሹ መንገድ ላይ ተሰብሮ የሚደርሰውን ቢራ ስንጠጣ ለኖርን ሰዎች የበደሌ ሳጥን ገና ከፋብሪካው ሽታ ሳይለቅ ሲራገፍ በዓል ነበር። አባባ ከጎሬ፣ ቢራ በአፋቸው ዞሮ የማያውቅ ሰው፣ አንዱን አስከፍተው “የአገር ነው” ብለው ጨርሰውታል። ፋብሪካውን በ2003 ዓ.ም. ሄኒከን ገዛው፤ በደሌም የቡኖ በደሌ ዞን ከተማ ሆናለች፣ የኢሉባቦር አካል አይደለችም። ለእኔ ግን በደሌ ቢራ ሁልጊዜ የእኛ ነው፣ ካርታው የፈለገውን ይበል።

በቅርቡ አዲስ አበባ አንድ ወዳጄ “የድሮ ዓይነት” ብሎ ያወደሰልኝ የሆቴል ቡና ቤት ወሰደኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ወደድኩት። የሸክላ ማጫወቻ አለ፣ የቆየ ሬዲዮ አለ፣ ፎርማይካው ቀይ ነው፣ ለውዙና ቆሎው በትንንሽ ሳሕን ይመጣል፣ ወጣቶቹ በጥላሁን ዘፈን ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ያ ዘመን ለማያውቁት እንኳ መናፈቁ ደስ ይላል። አንድ ነገር ብቻ ጎደለኝ፤ ማንም ከየት እንደመጣሁ አልጠየቀኝም። የእትዬ ባንኮኒ ላይ ያልተጠየቀ ሰው ጠጥቶ አያውቅም።

ያ ነው መሰለኝ መንገድ ያስነሳኝ። አስፋልቱ አሁን ለስላሳ ነው፤ ከጅማ መቱ ቁርስና ምሳ መካከል ይደረሳል። ዩኒቨርሲቲው ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ከተማዋን በወጣት ሞልቷታል። የእትዬ ቤት በብሎኬት ታድሷል፣ እሳቸው ከዚህ ዓለም ከሄዱ ቆይተዋል፣ የወንድማቸው ልጅ ግን አለ፤ ፀጉሩ ሸብቶ፣ ሆዱ ወጣ ብሎ። ገና በሩ ላይ ሳለሁ ነው ያወቀኝ። “መምህር! ሞተሃል አላሉንም እንዴ?” ብሎ አቀፈኝ፣ ከዚያ በደሌ አስከፈተ፣ ጥብስ አዘዘ፣ ቆጭቆጫው የድንጋይ መሆኑን ሦስት ጊዜ ማለልኝ።

ልጁ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው፣ ቤቱን “እንደ ድሮው” ማድረግ ይፈልጋል፤ አዲስ አበባ ያየውን ዓይነት። ያን ቴፕ ከጓዳ አውጥቶ፣ አቧራውን ጠርጎ፣ ከፊታችን አስቀመጠና የት ቦታ እንደነበር ጠየቀ። አባቱ በስተግራ ነው አለ፣ እኔ በስተቀኝ ነው አልኩ። እንካ ስላንቲያ ሆነ፤ ሁለት ሹፌሮችና አንድ ነርስ ወንበራቸውን አስጠግተው ገቡበት፣ አንደኛው ሹፌር አባቱ እዚህ ያድር እንደነበርና ቴፑ መስኮቱ ጋ ነው ሲል ሰምቶ እንደሚያውቅ ተናገረ፣ ልጁ እርሳስና ወረቀት አመጣ፣ እኔ መደርደሪያውን ጠርሙስ በጠርሙስ መሣል ጀመርኩ፤ ኡዞው እዚህ፣ ጉደሩ እዚያ፣ ባሮ መሀል ላይ፣ ከባሮ ኋላ ደግሞ ደብዳቤ የሚሸጎጥበት ክፍተት። “እሱንም ትተዋለህ” አልኩት፣ “የሹፌር ደብዳቤ ባይኖርም”። “ለምን አይኖርም?” አለ ሹፌሩ፣ “እኔ ነገ ጅማ ነኝ። የሚላክ ካለ ይጻፍ።”